ባለቤት የሌላት ጀሪካን

በዚያ የፔምባ ደሴት መንደር ወንዱ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዋና የሚችል ግን አንድም የለ። አንዲት እንግዳ ሴት ከነቀሚሷ ባሕር ገብታ ሕፃናትን ዋና ስታስተምር ታዲያ መረብ ጠጋኞቹ ይስቁባታል።

“እትዬ፣ ዓሣ ልታደርጊያቸው ነው?” ይላታል ጀልባ ነጂው ማካሜ።

“አንተ ስትሰምጥ የሚያወጣህ እንዳይጠፋ ብዬ ነው” ትለዋለች ቀና ሳትል።

አሮጊቷ ቢ ምዛ የልጅ ልጇን የዙሌኻን እጅ ጨብጣ እንግዳዋን በየቀኑ ከዳር ታያታለች። ሴትዮዋ በየልጁ ደረት ላይ ባዶ ጀሪካን ታስራለች፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ትስባለች። ከዚያ ውኃው ላይ በጀርባቸው ታስተኛቸውና “ምንም አትሥሩ” ትላቸዋለች። በመንደሩ ልጅ እንዲህ ተብሎ ታዝዞ አያውቅም። አንዲት ትንሽ ጀሪካን ግን ሁልጊዜ አሸዋው ላይ ደርቃ ትውላለች፤ ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል።

ዛሬ ሴትዮዋ ወደ ዙሌኻ መጣች።

“አትገባም” አለች ቢ ምዛ። “ከመስጠም የሚጠብቃት ክታብ አንገቷ ላይ አለ። ውኃ ከነካው ይረክሳል።”

ሴትዮዋ ክታቡን ትክ ብላ አየችው።

“የኔዋ ልጅም ነበራት። እንዳይረጥብባት አውልቃ አሸዋ ላይ አስቀምጣው ነበር የገባችው።”

ቢ ምዛ የጨበጠችውን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች። ሴትዮዋ ትንሿን ጀሪካን አንሥታ በዙሌኻ ደረት ላይ አሰረች፤ ቋጠሮውንም ሦስቴ ሳበችው።