ፍራሹ ለምን ወለል ላይ ወረደ

እትዬ አሰለፈች የማይጠይቁት ነገር አልነበረም። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር የምንኖረው፤ እሳቸው ከመሬት በታች ያለው ቤዝመንት፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ደረጃው ሥር ጠብቀው ይይዙኛል። «ማሙሽ፣ እነዚህ ሰዎች ሣሩን ያጭዱና ለማን ከብት ነው የሚሰጡት?» ማሙሽ የሚሉኝ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ሰው እያዘዝኩ ነው። ትክክለኛ ስሜን ነግሬያቸው አውቃለሁ፤ አልተቀበሉትም። መልስ ሳጣ ደግሞ ይቆጡኛል። ኮሌጅ ገብተህ ይሄን እንኳ አታውቅም ይሉኛል፤ እኔም ተናድጄ አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ስለ ሣር ሳስብ እቆያለሁ።

ሥራቸው በአንድ ሆቴል ላውንድሪ ክፍል አንሶላ ማጠፍ ነበር። ወደዚህ አገር የመጡት ልጅ ያሳድጉለት ከነበረ የውጭ አገር ቤተሰብ ጋር ነው። ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር እሳቸው እዚሁ ቀሩ፣ አንሶላ አገኙ፣ ቤዝመንት ተከራዩ፣ እኛን የጸሎት ኅብረት ሰዎችን ዘመድ አደረጉን። ከእኛ መካከል በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ስለነበሩ ሁላችንንም መቆጣት ይችሉ ነበር፤ መብታቸውንም በደንብ ተጠቅመውበታል።

አንድ ነገር ግን አይጠይቁም። ወንድይራድ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በ1970 ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ውስጥ፣ ታጣቂዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ከቤት ወሰዱት። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ይህን የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ፎቶግራፉን ግድግዳቸው ላይ አይቼ ማነው ብዬ ስለጠየቅሁ። ከአገር ቤት አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ስለ ጤፉ፣ ስለ መንገዱ፣ እነ እገሌ ስለሠሩት ፎቅ አንድ ሳያስቀሩ ይጠይቁታል። ስለ ልጃቸው ግን ትንፍሽ አይሉም። እኔ ለመርሳት እየሞከሩ ነው እል ነበር። ሞኝ ነበርኩ። መልሱን ፈርተው ነው።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 1985፣ በመስከረም አጋማሽ፣ ግሎሪያ የምትባል ሃሪኬን፣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ በባሕሩ ላይ ወደ እኛ እየመጣች ነው ተባለ። ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እትዬ አሰለፈች መጀመሪያ ላይ እንደ ሙሽራ ነው የጠበቋት። ስም ያወጣላት ማነው? ለምን የሴት ስም? የወንድ ስምም አለ፣ ተራ በተራ ነው ስላቸው፣ ታዲያ ከሷ በፊት የነበረው ወንድዬው ምን አጥፍቶ ሄደ አሉኝ። በቴሌቪዥኑ ሲታይ መሃሏ ላይ ያ ክብ ቀዳዳ ለምን ኖረ? ቀዳዳው ውስጥ የገባች ወፍ ምን ትሆናለች? ረቡዕ ማታ ሁለት ጊዜ ስልክ ደውለው ስለ ወፊቱ ጠየቁኝ።

ሐሙስ ጠዋት የሕንፃው ጠባቂ በር ላይ ወረቀት ለጠፈ። አጠገባችን ያለው ወንዝ ሊሞላ ስለሚችል ቤዝመንት ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ድረስ ሌላ ማረፊያ ብትፈልጉ ይሻላል ይላል። ኅብረታችን ያን ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰበው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አቶ ቢራቱና ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቤት ነበር። ቤቱ ከፍታ ላይ ነው፣ ሰፊ ነው፣ የሻሽወርቅም እንግዳ ከመጣላት በደስታ ነፍሷን ልትስት ምንም አይቀራትም። ወረቀቱን በስልክ ሳነብላት ወንዝ ዳር ያላችሁ ሁላችሁም እኛ ጋ ትመጣላችሁ አለችና ስልኳን ጀመረች።

ለእትዬ አሰለፈች ስትደውል ግን ትልቅ ሰው አላስደነግጥም ብላ ድምጿን አለሰለሰች። ምንም አይደለም፣ ዝም ብለው ይምጡ፣ ምንም አይያዙ፣ መኪና እንልካለን አለቻቸው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሕይወቱ ለማንም ደውሎ የማያውቀው ባሏ ቢራቱ ደወለና አይዞዎት፣ ሁላችንም አብረን እንሆናለን አለ። ቀጥሎ የኅብረታችን ፓስተር ዮሐንስ ደውሎ በርቱ አላቸው። አንዱም ሃሪኬን የሚለውን ቃል አላነሳም። ሁሉም እሳቸው ቀድመው የሚያውቁት መስሎታል።

ወደ ቀትር ገደማ ዕቃ ላግዛቸው ብዬ ወረድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

አልሄድም አሉኝ። ውሃው ቢገባስ ስላቸው አልጋው ላይ እወጣለሁ አሉ። ነገ መስቀል ነው፣ ክረምት በመስቀል ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ምን ዝናብ አለ አሉ። እሱ አዲስ አበባ ነው እንጂ ግሎሪያ መስቀል አታውቅም ብዬ ጮህኩባቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «መስቀል የማታውቀው ለምንድነው?» ብለው ያደርቁኝ ነበር። ያን ቀን ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔም ቆሜ አላሰብኩበትም። ወጥቼ ለሲልቨር ስፕሪንግ ደወልኩና እምቢ ብለዋል አልኩ።

እኛ ደግሞ ሰው እምቢ ሲል የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። ከሰዓት በኋላ ፓስተር ዮሐንስ፣ አቶ ቢራቱና ከኅብረታችን ወይዘሮ ታደለች በአንድ መኪና መጡ። ሦስቱም ጥቁር የዝናብ ካፖርት ለብሰዋል። እኔን አስከትለው ወደ ቤዝመንቱ ወረዱና አንኳኩ።

አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሐዘንተኛው በሆነ ሰበብ ወደ ዘመድ ቤት ይወሰዳል፣ እዚያ ሰው ተሰብስቦ ይነገረዋል። እኔም ይህን አውቃለሁ። አባቴ ሲሞት እናቴን «እህትሽን ትንሽ አሟታል» ብለው ነው የወሰዷት። ያን ቀን ግን የሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ውሃ ብቻ ነው።

እትዬ አሰለፈች በሩን ከፍተው ሦስቱን ፊት ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ «ነጠላዬን ልያዝ?» አሉኝ።

«ይያዙ፣ ሊበርድ ይችላል» አልኩ።

መንገዱ ከሌላው ቀን ረዘመ። ከተማውን በሚዞረው ትልቅ መንገድ፣ ቤልትዌዩ ላይ፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ መኪናው ሁሉ ይሳባል። በሌላ ጊዜ በዚያ መንገድ ስንሄድ ያልጠየቁት የመንገድ ምልክት የለም። አሁን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ታደለች ብስኩት ብትሰጣቸው ተቀብለው ያዙት። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት። አጠገባቸው ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ አላስተዋልኩትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። የሻሽወርቅ ሳሎኑን አዘጋጅታ ጠብቃለች። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተገፍተዋል። ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ፍራሽ ተነጥፏል። ቀድመው የመጡት አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ፍራሹ ላይ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይጸልያሉ። ከማድቤት በኩል የትልቅ ድስት ሽታ ይመጣል።

እትዬ አሰለፈች በሩ ላይ ቆሙ። ብስኩቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወንድይራድ» አሉ። ጮክ ብለው አልነበረም። ከዚያ ፍራሹ ላይ ወደቁ፤ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሱ ጀመር። እንደዚያ ያለ ልቅሶ አሜሪካ ከገባሁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሻሽወርቅ ጭልፋዋን እንደያዘች ከማድቤት ወጣች። አየቻቸውና በመንገድ ላይ መርዶ ተነግሯቸዋል ብላ እሷም እሪ አለች። ቤት ውስጥ የነበሩት እኛ ከውጭ ወሬ ይዘን የመጣን መሰላቸው። እኛ ደግሞ፣ አራታችንም፣ ቤቱ ውስጥ ያሉት አንድ ነገር ሰምተው የጠበቁን መሰለን። ታደለች ተንበረከከች። ፓስተር ዮሐንስ መነጽሩን አወለቀ። እኔ ወንድይራድን በፎቶግራፍ ብቻ ነው የማውቀው፤ ግን ግንቡን ተደግፌ እንደ ወንድሜ አለቀስኩለት። ምናልባት ለሌሎችም ነበር ያለቀስኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ የራሱ ወንድይራድ የሌለው ሰው አልነበረም።

ስንት ደቂቃ እንዳለቀስን አላውቅም። ጸጥ ሲል፣ የቤቱ ልጅ ሄለን ደረጃው ላይ ቆማ ታየናለች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች፣ በአማርኛ ስታናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ።

«ማሚ፣ ሁ ዳይድ?» አለች፤ ማን ሞተ ማለቷ ነው።

የሻሽወርቅ ወደ ባሏ ዞረች። ቢራቱ ወደ ፓስተሩ ዞረ። ፓስተሩ ወደ እኔ። እኔ የምዞርበት ሰው ስላልነበረኝ ወደ እትዬ አሰለፈች ዞርኩ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አሉ ዕንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «የምትነግሩኝ እናንተ አይደላችሁም?»

ፓስተሩ እኔ ከእናንተ ነው የሰማሁት አለ። ቢራቱ ደግሞ የመጣነው ለሃሪኬኑ ነው አለ። እትዬ አሰለፈች ቀና ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያ የማውቀው ነገር ሲመለስ አየሁ፤ ደረጃ ሥር የሚጠብቀኝ ፊት።

«ፍራሹ ለምን ወለል ላይ ወረደ?»

«የእናንተ መኝታ ነው እኮ፣ እትዬ» አለች የሻሽወርቅ።

«ወንበሩስ?»

«ቦታ እንዲኖር ነው።»

«ይሄ ሁሉ ድስትስ?»

«ሃያ ሰው ምን ይብላ?»

ከዚያ አንድ በአንድ አዩን።

«ታዲያ ከእናንተ ውስጥ ሞተ የሚል የለም?»

«የለም» አልን ሁላችንም፣ እፎይ ብለን።

«አለ የሚልስ?»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ፓስተሩ አንድ ነገር ለማለት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ ለዚያ ዛሬም አከብረዋለሁ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አልቅሼለታለሁ። ካለ ይስቅብኛል። ከሌለም ያለ አልቃሽ አልቀረም።»

ነጠላቸውን አውልቀው ጥለቱን ወደ ታች መልሰው ለበሱ። ከዚያ ወደ ማድቤት ገብተው ድስቱን ከፈቱና የሻሽወርቅን ይሄን ያህል ዘይት ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ጠየቋት። በላን፣ ጸለይን፣ በፍራሾቹ ላይ ተኛን። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ነፋሱን ሳዳምጥ፣ እሳቸው አጠገቤ ባለው ፍራሽ ላይ ያንኮራፉ ነበር።

ግሎሪያ እኛን አልፈለገችንም። በባሕሩ በኩል ወደ ሰሜን አለፈች። አርብ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቤዝመንታቸው ስንደርስ የረጠበው የበር ላይ ምንጣፍ ብቻ ነበር። መስቀል አታውቅም ብለህ አልነበረም አሉኝ፤ ክረምቱም አብቅቷል፣ እኔም ተሸንፌያለሁ።

እሑድ በምናመልክበት አዳራሽ ውስጥ ከሱዳን በኩል የመጣ አሥራት የሚባል ሰው ነበር፤ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። አምልኮው ሲያበቃ እትዬ አሰለፈች እንደ ልማዳቸው ቀድመው ደረሱበት። አውሮፕላኑ እንዴት ነበር? ካርቱም ሙቀቱ እንዴት ነው? ጫማህ ለምን ሰፋህ? እኔ ኮታቸውን ይዤ ቆሜ፣ አሁን ያበቃሉ እያልኩ እጠብቃለሁ። አላበቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወንድይራድ ወልደአምላክ የሚባል ልጅ ታውቃለህ? በግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው።»

የአባቱን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው። አሥራት ብዙ አሰበ። አላውቅም፣ ይቅርታ እናቴ አላቸው።

እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። ከዚያ ከጀርባው ወደቆመው ሰው ዞሩ።