የአድሪያን የደረቁ አበቦች

አድሪያን ክዳን ሠሪ ነበር። በመንደራችን በኤሊም የእሱ እጅ ያላረፈበት የሣር ጣሪያ ጥቂት ነው። ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና፣ መሰላል ላይ ሆኖ ሲቀልድ መንደሩ ሁሉ የሚሰማው ሰው። እኛ ጎረቤት ሴቶች ግን የምንቀናው በሚስቱ በሬጊና ነበር። ቤቷ የገባ ሰው የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ግድግዳውን ያያል፤ የሰባት ዓመት አበባ የምንለው ያ ነጭ፣ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ አበባ በጉንጉን ተሠርቶ፣ ከመስኮቱ በላይ ደግሞ ፕሮቲያ የሚባለው ትልቅ የዱር አበባ ደርቆ ከተራራ ሣር ጋር ታስሮ። "እጅሽ ይባረክ" ስንላት አንገቷን ደፍታ ዳቦ ታቀርባለች።

እጁ ግን የአድሪያን ነበር። እናቱ አበባ ለቃሚ ነበረች፤ ከቆጥ ላይ ቁልቁል ሰቅሎ ማድረቁን፣ ግንዱን ሳይሰብሩ ማሰሩን ከእሷ ተማረ። ዝናብ ሥራ ባስቀረው ቀን በሩን ዘግቶ ይጎነጉናል፤ ሰው ካንኳኳ አልጋ ሥር ይከተዋል።

"ጓደኞቼ ከሰሙ መሳቂያ ነው የሚያደርጉኝ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት በይ፣ እባክሽ" ብሎ ለመናት። እሺ አለችው።

አንድ ዓመት የነሐሴው የቤተ ክርስቲያን በዓል ሲቃረብ ሴቶቹ አዳራሽ ተሰበሰብን። አክስት ለማለት ታኒ የምንላቸው ታላቃችን ዊልሄልሚና የአበባውን ቅርጫት ሬጊና ፊት አስቀመጡ።

"ዘንድሮ አንቺ ነሽ የምታስጌጪልን። እኛም እያየን እንማር።"

"ዛሬስ አሞኛል፣ ታኒ።"

"ተቀምጠሽ እኮ ነው የምትሠሪው፣ ልጄ።"

ጀመረች። ግንዱ ተሰበረባት፤ ነጩ አበባ ቀሚሷ ላይ ረገፈ። መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ እርስ በርስ ተያየን፤ ይሄ ከሳቁ ባሰ።

"ከከተማ እየገዛሽ ነው እንዴ ሠራሁ ስትይን የኖርሽው?" አለቻት ሊዝቤት።

ሬጊና ቀና አለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። አድሪያን ከጓደኞቹ ጋር የአዳራሹን ጣሪያ ሲጠግን ቆይቶ፣ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱን አዞረና ተመልሶ መሰላሉን ወጣ።

ቤት ሲገባ ሾርባ ቀዳችለት።

"ስደቢኝ" አላት።

"ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ስንጠርግ አድሪያን ገባና ቅርጫቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል። "ቤታችን ያያችሁት ሁሉ የኔ ሥራ ነው። ትናንት በኔ ምክንያት ነው የተዋረደችው" አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየንም። ሊዝቤት መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። ክዳን ሠሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው፣ "አድሪያን፣ ሽርጥ እናምጣልህ?" አሉት። እሱ አበባውን አነሳና ማሰር ጀመረ። አንድ ግንድ አልሰበረም።

በበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ አደነቀ። እሱ የመጨረሻው ወንበር ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ፤ ሬጊና ቤት ቀረች።

የወንዶቹ ቀልድ ቶሎ ነጠፈ፤ እንዲያውም አንዱ ለእናቱ ቤት ጉንጉን እንዲሠራለት ለመነው። አድሪያንን ግን የሚበላው ሌላ ነበር። ከዓመታት በኋላ አጥሬን ሲጠግንልኝ በራሱ ጊዜ የዚያን ቀኑን የአዳራሽ ነገር አነሳ።

"አየችኝ እኮ" አለኝ። "ዓይን ለዓይን ተያይተን ነው ጥያት የሄድኩት።"

ለሬጊና ነገርኳት። "ትቼልሃለሁ ብዬ ስንቴ ነገርኩት" አለች። "አያምነኝም። እኔም ስናገረው ድምፄ ለራሴ እንኳ የእውነት አይመስለኝም።"