ያለ ስንቅ የመጡበት ቅዳሜ

ብቸና ስማር ከአንዲት የሞጣ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች።

ከተማው ወሬውን ተቀባበለው። ግማሹ የጭነት መኪና ሾፌር ወሰዳት አለ፤ ግማሹ ከሐረር ተመድቦ የመጣውን የሂሳብ መምህራችንን ጠረጠረ። አውጫጭኝ ተጠራና ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀመጠ፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሳም። መምህሩ እዚያ አገር ዘመድ ስላልነበረው ሁሉም እሱን ጠቆመ። የልጅቷ አጎት ከፊት ተቀምጠው ከሁሉ በላይ ያለቅሱ ነበር።

እኚሁ አጎቷ ለገበያ በመጡ ቁጥር ስንቋን ያመጡላት ነበር። ልትጠፋ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ፣ ባዶ እጃቸውን መጡ። የበሶ ስልቻዋ ባዶውን መሰቀሉን አይተው ሄዱ።

ይህን ልናገር ሜዳው ድረስ ሄድኩ። አውጫጭኙን የሚመራው ጭቃ ሹም፣ «ሂጂ አንቺ! ሴት እዚህ ምን አላት?» ብሎ አባረረኝ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ልጅቷ ሴት፣ አብራት የምታድረው ሴት፣ የሚጠየቀው ግን ወንድ ብቻ!

መምህሩ ታሰረ። አጎቷ ገበያ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ስንቅ ይዘው ግን አንድም ቀን አልመጡም።

አይታት የማታውቀው እናቴ፣ «ትመለስ ይሆናል» እያለች የልጅቷንም በሶ ጨምራ ትልክልኝ ጀመር። ስልቻዋን ሞልቼ ቦታው መልሼ ሰቀልኩት። ዓመቱ አልቆ ክፍሉን ስለቅ እንደሞላ ነበር።