ባቡር በሌለበት ጣቢያ የተደረገ ሽኝት

ድሬዳዋ ለሰው ውጭ አገር ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለእኛ ውጭ አገር ማለት በአውሮፕላን የሚኬድበት ነው። ጅቡቲ እንኳ ለሰፈራችን ሰው ውጭ አገር አይደለችም፤ ጎረቤታችን ሄዳ በሦስተኛው ቀን ጨርቅና ሽቶ ይዛ የምትመለስባት ቦታ ናት። ስለዚህ መስከረም ላይ አንዲት የጅቡቲ ልጅ "ውጭ አገር ልማር መጣሁ" ብላ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ስትገባ እናቴ ዞር ዞር ብላ አየች። ውጭ አገሩን የምትፈልግ ትመስል ነበር።

ልጅቷ እኩያዬ ናት። የሷ አያትና የኔ አያት በድሮው ባቡር አብረው ሠርተዋል፤ የሷ ከጅቡቲ በኩል፣ የኔ ከድሬ በኩል። ነጋዴዋ እናቷ አማርኛና እንግሊዝኛ ትልመድልኝ ብላ ለአንድ ሴሚስተር እኛ ጋ አስቀመጠቻት። በኅዳር እኛ በቲሸርት ስንሄድ እሷ ሹራብ ደርባ "ድሬ ብርድ ናት" ትላለች። ይህን የሰማ የክፍላችን ልጅ ሁሉ ኮራ። ብርድ ያለበት ውጭ አገር ሆንን ማለት ነው። አንዱማ በማግስቱ ጃኬት ለብሶ መጣ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም ቻለው።

የመሄጃዋ ሳምንት ሲደርስ ተወራረድን።

"አባዮ፣" አለችኝ፤ እህቴ እንደማለት ነው። "አንቺ ታለቅሻለሽ።"

"እኔ? ወላሂ አላለቅስም።"

"ክርስቲያን ነሽ እኮ፣ ምን ወላሂ ትያለሽ?"

"ድሬ ነው አቦ። እዚህ ሁሉም ይላል።"

ውላችን ቀላል ነበር። ቀድሞ ያለቀሰ ቀድሞ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት፣ በራሱ ሳይሆን በአሸናፊው ቋንቋ። ከተሸነፍኩ በሶማሊኛ ልጽፍ ነው። የኔ ሶማሊኛ መጋላ ገበያ ውስጥ ዋጋ ለማስቀነስ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። እኔ ደግሞ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ በጽሑፍ የምታወቅ ሰው ነኝ። በአንድ ደብዳቤ ወደ አንደኛ ክፍል መመለስ አልፈለግኩም። ስለዚህ ማልቀስ አይፈቀድልኝም ነበር። አራት ወር አንድ አልጋ የተካፈሉትን ሰው በደረቅ ዓይን መሸኘት ቀላል ነው የሚል ካለ ይሞክረው።

የመጀመሪያውን ፈተና በቀላሉ አለፍን። ክፍላችን ኬክና ለስላሳ አዘጋጅቶ የክፍል አለቃችን ንግግር አደረገ። ንግግር ሲደረግ የሰማው ለቅሶ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የት እንደተወለደች፣ ምን ያህል ደግና ሰው አክባሪ እንደነበረች አነበበና "ለቤተሰቦቿ መጽናናትን" ሊል ትንሽ ቀረው። ሟቿ አጠገቤ ተቀምጣ ኬክ ትበላ ነበር። ሳቃችንን ስንታገል እንባ ቦታ አጣ።

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት ግን አያቴ የድሮ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከቤት ወጡና ለባጃጁ ሹፌር "ወደ አሮጌው ጣቢያ" አሉት።

"አባባ፣" አለች እናቴ ከበሩ ላይ፣ "ባቡሩ እኮ ከዚያ መነሳት ከተወ ቆየ። አሁን የሚነሳው ከከተማ ውጭ ካለው ካዲሱ ነው።"

"አውቃለሁ። መሳፈር ካዲሱ ነው። መሰናበት ካሮጌው ነው።"

"የልጅቷ እናት ሻንጣ ይዛ አዲሱ ጣቢያ እየጠበቀች ነው።"

"ትጠብቅ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ መጠበቅ ታውቃለች።"

አያቴ እንዲህ የሚያደርጉበት ምክንያት አላቸው። የድሮው ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ ሲነሳ የመጨረሻው መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ጓደኛቸውን፣ የሷን አያት፣ "እንግዲህ ሐሙስ" ብለው ሸኙት። ያ ሐሙስ እስካሁን አልመጣም።

የአሮጌው ጣቢያ ዘበኛ ያውቃቸዋል፤ በሩን ከፈተልን።

"ዛሬ ደሞ መንገደኛ ይዘው መጡ አባባ? ባቡሩ የታለ?"

"ትንሽ ርታር አለው" አሉ አያቴ። ርታር በባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛ መዘግየት ነው። እኔ ሳልወለድ ስለቆመ ባቡር ነበር የሚያወሩት።

እንግዳችንን መሳፈሪያው ላይ አቆሟት። እኔን ሦስት እርምጃ ወደኋላ አደረጉኝ፤ ሸኚ እዚያ ነው የሚቆመው። ከዚያ ወደ ባዶው ሐዲድ ዞረው በፈረንሳይኛ የመነሻ ሰዓት አወጁና ፊሽካቸውን ነፉ። የእንግዳችን ስልክ ጮኸ፤ እናቷ ናት። አላነሳችውም። እኔ እሷን አየሁ፣ እሷ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የኔንም እንጃ። በዚህ መሃል አያቴ ለሌለው ባቡር መሐረብ እያውለበለቡ ቆዩና መሐረቡን ቀስ ብለው ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

"አዎወ፣" አለች እሷ፤ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። "አንተ ተሸነፍክ።"

ቤታችን ውስጥ አያቴን አንተ ያላቸው ሰው የለም። ከሷ አፍ ሲሰሙት ግን ደስ ይላቸዋል።

"እኔ መቼ ተወራረድኩ?"

"ቀድሞ ያለቀሰ ነው የተባለው። ማን እንደሆነ አልተባለም። በፈረንሳይኛ ጻፍልኝ፤ እሱም የኛ ቋንቋ ነው። 'እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ' አላልክም?"

ብለዋል። ሴሚስተሩን ሙሉ ሲሉ ነው የከረሙት።

አዲሱ ጣቢያ ስንደርስ እናቷ በር ላይ ቆማ በሦስት ቋንቋ ተቆጣችን። ጥበቃው "ሸኚ አይገባም፣ ቶሎ በሉ" አለ። አቀፈችኝ፤ ፍተሻው ሻንጣዋን ዋጠው፤ ገባች። እውነተኛው ስንብት በባጃጅ ዋጋ ከምንከራከርበት ጊዜ ያነሰ ነበር። ስላላለቀስኩ አሸነፍኩ። ስንመለስ የባጃጁ ሸራ በደንብ አልተዘጋም ነበርና ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። ብዙ አቧራ ነበር። አያቴ እስከ ሳቢያን ድረስ በሌላኛው በኩል መንገዱን ሲያዩ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አያቴ ወረቀት አስመጥተው ዕዳቸውን ለመክፈል ተቀመጡ። የሚያውቁት ፈረንሳይኛ ሁሉ የባቡር ነው። ጽፈው ሲጨርሱ ተረጎሙልኝ፦

"ክብርት መንገደኛ ሆይ። ባቡሩ በሰዓቱ ተነስቷል። በመስኮት ብቅ ማለት ክልክል ነው። የመመለሻ ትኬትዎን አይጣሉ። ጣቢያው ክፍት ነው።"

"እንዴት ነው?" አሉኝ።

እኔ በጽሑፍ የምታወቀው ሰው የምጨምረው አማርኛ አጣሁ። ብዕሩን ተቀብዬ ከታች በሶማሊኛ አንድ መስመር ጻፍኩ። አጭር ናት፤ ሆኖም ሁለቴ ሰረዝኩ። አያቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት።

"በሶማሊኛ የሚጽፈው የተሸነፈ አልነበረም እንዴ?"

"ነው።"

"አንቺ አላለቀስኩም ብለሻል።"

"አቧራ ነበር አልኩ እኮ።"

"እሺ። ምን ይላል?"

"ድሬ ብርድ ናት ይላል።"

አያቴ መሐረባቸውን አውጥተው ከግንባራቸው ላይ ላብ ጠረጉ።

"ልክ ነው" አሉና ደብዳቤውን አጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተቱት።