ጃንጥላ ጠጋኙ ሁለቴ የሚጠራው ስም

የይታገሱ እጆች ሽቦ ያቃናሉ። የተሰበረውን ጃንጥላ ጉልበቱ ላይ ገልብጦ፣ የጎበጠውን ሽቦ በሁለት አውራ ጣቶቹ መሐል ይዞ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ሽቦ ከተቸኮለበት ይሰበራል። ሲቃናለት ክሩን በምራቁ አርሶ፣ መርፌውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያሾልከዋል፤ ከዚያ የተላቀቀውን ጨርቅ ከሽቦው ጫፍ ጋር ይሰፋዋል። ከቀኝ እጁ ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። ከብዙ ዓመት በፊት በገበያ ቀን በዱላ የመቱት ሰዎች ናቸው እንዲያ ያደረጓቸው።

ፍኖተ ሰላም ገበያ ጥግ፣ ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የቄሱንም የነጋዴውንም ጃንጥላ ይጠግናል። ሰው ሁሉ «ጃንጥላው» ነው የሚለው። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ሌላውን ሥራውን የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሌላው ሥራው እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ አሥራ ስምንት ቀን ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከአዲስ አበባም ሰዎች ይመጡለታል። ቢበዙ አምስት ስድስት ናቸው። ሁሉም አዲስ ጃንጥላ ይይዛሉ፤ አንዷ ሽቦ ብቻ ሆን ተብላ የጎበጠች። ይታገሱ ያችን ሽቦ ሲያይ ለምን እንደመጡ ያውቃል። አቃንቶ ይመልስላቸውና «ነገ በጧት» ይላቸዋል። በማግሥቱ የገብርኤል ንግሥ ነው፤ የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ቀን። ሕዝቡ ጃንጥላውን ዘርግቶ በጭጋጉ ውስጥ ወደየደብሩ ይጎርፋል። እነሱም ከሕዝቡ ጋር ይገባሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም የንግሥ መንገደኛ ነው።

ይታገሱ ፊት ፊት ይሄዳል። የሚያሳያቸው፣ ወንድ ወንድን ስለወደደ፣ ሴት ሴትን ስለወደደች የተገፉ ሰዎች የኖሩበትንና የሞቱበትን ቦታ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ ሁለት ሴቶች እኅትማማች ነን ብለው አርባ ዓመት አብረው የኖሩበት ቤት አለ። ከከተማው ወጣ ሲባል፣ ይታገሱ ተሸካሚ ያጣ በሽተኛ በጀርባው አዝሎ የተሻገረው ወንዝ አለ። ከማንኩሳ ወዲህ የእኔ ቤት አለ። ከማንኩሳ በመኪና ቡሬ ይገባሉ፤ መንገዱም አንድ እድር ድንኳኑን ከሚያስቀምጥበት ዕቃ ቤት ደጅ ላይ ያበቃል። ይታገሱ እዚያ እድር ዘንድ ስድስት ዓመት ተመላልሷል። የለመናቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋለት፣ በሰው ወግ ይቀበር። ስድስት ዓመት አባረሩት። በሰባተኛው አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ሬሳ አይጠየቅም» አሉ፤ ቃሉ እንዳለ በመዝገብ ተጻፈ። ሕጉ ዛሬም እንደ ድሮው ነው፣ ያስራል። የዚያ ደጅ ግን ተከፈተ። ይታገሱ ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። «አንድ ደጅ ነው። ሌላው ገና ነው» ይላል።

በየቦታው ቆሞ የሆነውን ይነግራቸዋል። በእኔ ደጅ ብቻ አይነግርም ነበር። ስም ጠርቶ ያልፋል።

የበኩር ልጄ ስመኘው ይባላል። ይታገሱ ጓደኛው ነበር። ከአንድ ገበታ አብልቻቸዋለሁ። እናት ታያለች፤ እኔም አይቻለሁ፣ ግን አፌን አልከፈትሁም። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወሬው አገር ለአገር ዞረ። ልጄን ደብድበው ከደጄ ጣሉት። አሥራ አንድ ቀን ከጓዳ ተኛ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሞተ።

የመንደራችን እድር ዳኛ መጥቶ ባለቤቴን ላቀውን ከአጥር ውጭ አቆመው። «ጥሩምባ አይነፋለትም። ስሙም ካሁን ወዲያ አይነሣ። ይህን ካከበራችሁ እናንተን እንቀብራችኋለን» አለው። ላቀው እሺ አለ። እኔም እሺ አልሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ተደብቀው ፈቱት። ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበርነው።

በአገራችን፣ ጠሪው ሳይታይ ስምህ ከተጠራ ቶሎ «አቤት» አይባልም። ሰይጣን የሚጠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን የሚጠራ ሰው ነው ይባላል። ለሞተ ሰው ስም «አቤት» ያለ ደግሞ ይከተለዋል ይባላል። ይህን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

በሙት ዓመቱ፣ በቀትር፣ ጭጋጉ ከአጥሩ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ከመንገዱ በኩል «ስመኘው!» የሚል ድምፅ መጣ።

ላቀው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ማጭድ ይስል ነበር። እጁ ቆመ።

«ስመኘው!»

ውሻችን መጮኹን ትቶ አልጋ ሥር ገባ። ሦስተኛውን ጠበቅን። አልመጣም። ያልመጣው ጥሪ ቤቱን ሞላው። ላቀውና እኔ አልተያየንም፤ ከቆይታ በኋላ ማጭዱን መሳል ቀጠለ።

በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት እንዲሁ ሆነ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። ላቀው አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ሳይናገር ሞተ፤ በጥሩምባ፣ በድንኳን ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ድምፁ የይታገሱ መሆኑን ለየሁ፤ ቀኑን መፍራቴም ቀርቶ መጠበቅ ጀመርሁ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ሲሆን ደጃፉን ጠርጌ እቀመጣለሁ።

አምና ጭጋጉ እጅን የማያሳይ ነበር። አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ ምሕረት ንግሥ ሄዳለች። ብቻዬን ጎመን እቀነጥሳለሁ። «ስመኘው!» አለ ከመንገዱ። ትንሽ ቆይቶ «ስመኘው!» አለ። እንደ ልማዴ ዝምታውን ጠበቅሁ።

«ስመኘው።»

ሦስተኛው ከመንገዱ አልመጣም። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጩኸት አልነበረውም፤ ሰው ወረቀት ይዞ ለራሱ ሲያነብ እንደሚሰማ ያለ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር። ከአፌ «አቤት!» የሚለው ወጣ። ልጅ ተጠርቶ ሳይሰማ ሲቀር እናት እንደምትመልስለት ነው የመለስሁት፣ ሳላስበው።

ከመንገዱ ኡኡታ ተሰማ። የሩጫ ኮቴ፣ ጭቃ ሲረገጥ፣ ከዚያ ጸጥ። በትሬን ይዤ ብወጣ ሁለት ጃንጥላዎች ወድቀዋል። አንደኛው እንደተዘረጋ ነበር። ነፋስ ሳይኖር ቀስ ብሎ ይዞራል።

ቅዳሜ ጃንጥላዎቹን ይዤ ፍኖተ ሰላም ገበያ፣ ይታገሱ ዘንድ ሄድሁ።

«ጃንጥላ አምጥቻለሁ» አልሁት።

ቀና ሳይል «ምን ሆነ?» አለ።

«ምንም። ባለቤቱ ሮጦ ጠፍቶ ነው።»

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ጠጉሩ ሸብቷል። «እመይቴ» አለ፤ ድሮም እንዲያ ነበር የሚለኝ። «እርስዎ ነዎት አቤት ያሉት?»

«ታዲያ ማን ይበል?»

«አይ እመይቴ! አንዷ እኮ ጫማዋን ጭቃ ውስጥ ጥላ ነው ማንኩሳ የገባች። ‹እኔ እስር አልፈራ፣ ሰይጣን አልፈራ› እያለ ሲፎክር ያደረ አንድ አዲስ አበቤ አለ፤ ስንደርስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ሒሳብ ሁሉ ከፍሏል።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። አጠገቡ ያለው ነጋዴ እስኪያየን ሳቅን።

«ምን ላድርግ» አልሁት፣ «በሦስተኛው ስትጠራ ዝም ማለት አቃተኝ።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «በስንተኛው?»

«በሦስተኛው። ዝቅ አድርገህ የጠራኸው።»

«እመይቴ፣ እኔ ሁለቴ ነው የምጠራው። አሥራ ስምንት ዓመት ሁለቴ ነው። ሦስተኛው ከተጠራ መልስ ይጠበቃል። መልስ ባይመጣ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ከሰዎችህ አንዱ ይሆናላ።»

«ስሙን ገና ከእኔ አፍ መስማታቸው ነው። እዚያ ደጅ ደግሞ ዝም ነው የሚባለው፤ አስምዬ ነው የማመጣቸው። ሁለቴ ጠራሁ፣ እርስዎ አቤት አሉ። በመሐሉ ምንም አልነበረም።»

ገበያው ይጮኻል፣ አህያ ይነዳል። ይታገሱ የያዘውን ጃንጥላ አጠፈና ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«እዚያ ደጅ የምነግራቸው የለኝም» አለ። «በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ምን እንደሆነ አላውቅም። በሩ ዝግ ነበር።» ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰኝ። «ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። እኔ ስቀር እዚያ ደጅ የሚቆም የለም። አንድ ጊዜ ወጥተው ቢነግሯቸውስ?»

«እድሩስ?»

«አውቃለሁ። ካወጡዎት የሚቀብርዎ የለም። አልፈርድብዎም እመይቴ።»

ዓመቱን ሙሉ አሰብሁ። ስሙን ከጠራሁ ጥሩምባ አይነፋልኝም፤ ሬሳዬን የሚያነሣ አራት ሰው አይገኝም። ዝም ካልሁ ከላቀው ጎን እተኛለሁ፤ ልጄ ግን ከጌሾው ሥር ስም የሌለው ሆኖ ይቀራል። ምሕረት ፊደል ልታስተምረኝ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። እጄ ሲፈታ፣ እሷ ሳታይ፣ በደብተሯ ጀርባ ስሙን ጻፍሁት። አራት ፊደል ነው። ጻፍሁትና ደጃፉን አየሁ፤ ማንም አልመጣም። ደብተሩን ግን ስከድነው፣ ከጌሾው በኩል አንድ ሰው ትንፋሹን የለቀቀ መሰለኝ።

ዘንድሮ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ሳይመጡ ቀድሜ ከአጥሬ በር ቆምሁ። መንገዱ አስጊ ስለሆነ የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ጎረቤቶቼ ከንግሥ ሲመለሱ ነው። ይታገሱ ቆመ። አየኝ። «ስመኘው!» አለ። ጎረቤቶቼ እርምጃቸውን ገቱ። «ስመኘው!» አለ ደግሞ።

«ልጄ ነው» አልሁ። «እዚህ ጓዳ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ሞተ። ጥሩምባ አልተነፋለትም።» ከዚያ ወደ ይታገሱ ዞርሁ። ይህን ለእሱ ብቻ ነበር የምናገረው። «በየቀኑ እየመጣህ ደጁን ስትመታ፣ ሂድ የምልህ እኔ ነበርሁ። እሱ ጓዳ ሆኖ ‹ይታገሱ መጣ?› ይለኛል። አልመጣም እለዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ስምህን ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ለሦስተኛው ትንፋሽ አልነበረውም።»

ይታገሱ ጃንጥላውን አጠፈ። ዝናቡ እየወረደበት ቆመ። ሲሄድ የማይታጠፉትን ጣቶቹን ከትከሻዬ ላይ አሳርፎ ነው የሄደው።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ጸሐፊ መጣ። ጡት ከጣለ ጀምሮ የማውቀው የጎረቤት ልጅ ነው።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ስምዎ ተሰርዟል። አንድ ቃል ይቅርታ ይበሉና እንመልስዎ።»

«በማን ምክንያት ነው ይቅርታ የምለው?»

«ያው… ያውቁታል እኮ።»

«ስሙን ጥራና እላለሁ።»

መሬት መሬት አየ። ተነሥቶ ሄደ። ይታገሱ የቡሬውን እድር ስለ እኔ ሊጠይቅ ነው። «እስከ ቡሬ ማን ይሸከመኛል?» ስለው «ወንዙን አዝዬ ተሻግሬ የለ!» አለኝ።

በዚህ ጽሑፍ የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬዋለሁ፤ እንዳይጎዱብኝ ነው። ይታገሱ የሚጠግነውም ጃንጥላ ላይሆን ይችላል። የልጄን ስም ብቻ አልቀየርሁም። ይህን እስከዚህ ያነበባችሁ፣ የማትወዱትም ብትሆኑ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሁለቱን ይታገሱ ጠርቶታል። ሦስተኛውን እናንተ ጥሩልኝ። መጮኽ አያስፈልግም፤ ወረቀቱን እንደያዛችሁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይበቃል። ጠርታችሁ «አቤት» የሚል ብትሰሙ አትሩጡ። እኔ ነኝ።