የታለፉት ገጾች

ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ልጅ ስለ አንድ አስቂኝ ልቦለድ ያልሰማችው አስተያየት የለም። የሰማይ በር ጠባቂ ቁልፉ ጠፍቶበት ጻድቃን ደጅ ሲጠኑ የሚተርክ ነው። ተውሳው የነበረች አንዲት ነርስ "ሆዴን ይዤ ሳቅኩ" ብላ መጽሐፉን መለሰች። አንድ ጡረተኛ መምህር ደግሞ "ድፍረት ነው!" አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ "ሁለተኛ ክፍል አለው?" ብለው ጠየቋት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዛው ቤቷ ገባች። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረው ዓይናቸው የጠፋው ጸሎተኛ አባቷ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው "በይ አንብቢልኝ" አሏት። ፈራች። ተቀይመው ይህን የሁለታቸውን የንባብ ሰዓት ቢተዉትስ? ጻድቃኑ በወረፋ የሚጣሉበት ቦታ ስትደርስ ገጾቹን ደርባ ገለጠች።

"ልጄ፣ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥሽ። ድምፁ ወፈረብኝ።"

"እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ አባባ።"

"ከሳቅ የምትጠብቂው እኔን ነው ወይስ እግዜርን? እሱ እንደሆነ የእኔን ጸሎት እየሰማ ስንት ዘመን ሳቁን ችሏል!"

ገጾቹን ወደ ኋላ መልሳ አነበበችላቸው። የመስኮቱ ብርሃን በጉልበታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ አባቷ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷም አብራቸው ስትስቅ ማንበቡን ረሳችው።

"ቀጥዪ እንጂ፣" አሏት ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ገና ከበሩ ውጭ ነን እኮ።"