ሠላሳ ጊዜ «አለሁ»

ማኅበራችን ቢሮ የለውም። ከቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር ለሩቅ ቀጣሪ የሚሠሩ፣ የሥራ ሰዓታቸውንም ራሳቸው የሚያበጁ የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወረዳ ሰዎች ያቋቋሙት ስለሆነ ቢሮ ቢኖረው ራሱ ያስቅ ነበር። እኔ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ የድምፅ ቅጂ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ ስለምገለብጥ አባል ሆንኩ፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎም ጸሐፊ አደረጉኝ።

ሊቀመንበራችን የሚኖሩት መርሳ ነው። ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ቆይተው፣ እናታቸው አልጋ ሲይዙ ሥራቸውን ትተው ተመለሱ፤ አልጋው አጠገብ ጠረጴዛ አስገብተውም የትርጉም ሥራ ጀመሩ። እናታቸው ካረፉ በኋላ ጠረጴዛው ከቦታው አልተነሣም። አባላቱ ሁሉ «እትዬ» እንላቸዋለን።

እትዬ የሚደክሙለት አንድ ነገር ነበር። ከሐብሩ ወጣቱ በረሃ አቋርጦ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ ከባሕሩ ማዶ ዓረብ አገር አለ። አንዳንዱ ይደርሳል፤ አንዳንዱ አይደርስም፤ ስለ አንዳንዱ ምንም አይሰማም። እሳቸው በየቀበሌው እየዞሩ «እዚሁ ተቀምጦ መሥራት ይቻላል» ይሉ ነበር። ሲናገሩም ሁልጊዜ ከጎናቸው የሚያቆሙት ሰው ነበር፤ ግራና በምትባል ከተማ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ እንደ እኔ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ፣ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት። «ይኸው» ይላሉ ትከሻውን ይዘው፣ «ከእናቱ የሽንኩርት ማሳ ሳይርቅ የሩቅ አገር ሥራ ይሠራል።» እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ብዙ አይናገርም ነበር።

«አለሁ» የተጀመረው በክረምት ነው። ሐራ ከተማ ያለ አንድ አባላችን ወባ ይዞት ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ ተኛ። ጎረቤቶቹ ሥራ ላይ ነው ብለው አላንኳኩም። ሲገኝ ራሱን አያውቅም ነበር። ዳነ፤ እትዬ ግን ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጡ።

«ቢሮ የሚሠራ ሰው ቢቀር ወንበሩ ይናገርለታል» አሉ በስብሰባ። «ለእኛ ማን ይናገርልናል? እድሩ እንኳ የሚደርስልን ከሞትን በኋላ ነው።»

ደንብ ወጣ። እያንዳንዱ አባል ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ቡድናችን «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። እኔ በመዝገብ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ያልጻፈ ሰው ካለ፣ ቅርብ ያለው አባል ቤቱ ድረስ ሄዶ ያየዋል። እስኪጽፍ ድረስ በየቀኑ በተራ ይኬዳል። ኔትወርክ የጠፋበት ቀን ብቻ አይቆጠርም።

ሰው ግን ይረሳል። በሚቀጥለው ስብሰባ ወልድያ ያለ አንድ ቀልደኛ አባል ተነሣ። «ትናንት ገላዬን ስታጠብ ሁለት ሰው መጥቶ በሬን ደበደበው። በፎጣ ወጥቼ ‹አለሁ› አልኳቸው። ይመዝገብልኝ።»

«እኛስ ያየነውን ለማን እናስመዝግብ?» አለችው ከሄዱት አንዷ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም። መዝገቡን ተቀብለው ባዶ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ያ ነገር ከበደኝ። ባዶ ሳጥን የእኔ ጥፋት መሰለኝ።

ስለዚህ መፍትሔ ፈለግኩ። ቴሌግራም ላይ መልእክት አስቀድሞ ጽፎ፣ ቀንና ሰዓት ሞልቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይሄዳል። ለጠየቁኝ ሰዎች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የግራናው ወጣት ከስብሰባው በኋላ አግዳሚው ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«የአንድ ወር ማስቀመጥ ይቻላል?»

«ይቻላል። ሠላሳውንም አሁኑኑ መሙላት ትችላለህ።»

«ስልኩ ቢጠፋስ?»

«ቢጠፋም ይሄዳል» አልኩት። ጥያቄው ብልህ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ የመጀመሪያዎቹን አምስት ራሴ ሞላሁለት። «አንቺ ጥሩ አስተማሪ ይወጣሻል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡ አንድም ሳጥን አልጎደለበትም። እትዬ በቡድኑ ላይ አመሰገኑኝ፤ እኔም ምሥጢሩን አልነገርኳቸውም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ደወሉልኝ። ቅዳሜ መርሳ አዳራሽ ውስጥ ለወጣቶች ስብሰባ ተጠርቷል፤ የወረዳ ሰዎችም ይመጣሉ። የግራናው ወጣት እንዲናገር ፈልገዋል። «ከትናንት ጀምሮ እደውላለሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋት ግን ጽፏል። ምን ይባላል ይሄ?»

«መብራት እንደ ልማዷ ኮርፋ ይሆናል» ብዬ ቀለድኩ። ስልኩን ዘግቼ ቴሌግራሙን ከፈትኩ። የወጣቱን ስም ነካሁት። በሥሩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከሁለት ሳምንት በፊት መሆኑን ያሳያል። ወደ ላይ እየሳብኩ መልእክቶቹን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከዜሮ ዜሮ፣ አለሁ። ሦስት ሰዓት ከዜሮ ዜሮ፣ አለሁ። ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጻፈ።

በዚያው ዕለት ወደ መርሳ ወርጄ ከእትዬ ጋር ግራና የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ገባን። የነገርኳቸው መንገድ ላይ ነው። አልተቆጡም። ወደ ውጪ እያዩ «ስንት ቀረው?» አሉ ብቻ።

«አሥራ አንድ።»

እናትየው ደጃፉ ላይ ሽንኩርት እየለቀሙ ነበር። «አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ። አንቱ ደህና ነዎት?» አሉ እትዬ።

«ወአለይኩም ሰላም። አልሐምዱሊላህ። ግቡ፣ ግቡ እንጂ።» ከዚያ ከኋላችን ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «እሱንስ የት ጣላችሁት?»

መልስ ሳይጠብቁም ቀጠሉ። «ሥልጠናው አላለቀም እንዴ? ማኅበሩ ኮምቦልቻ ላከኝ ብሎ ነው የወጣው። ሥራው ከቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ማሽኑ ራሱ መጻፍ ጀመረ ተባለና አሰናበቱት። ለእትዬ አትንገሪ፣ በእኔ ይኮራሉ ብሎ ነው ዝም ያልኩት። ሌላ ሥራ ልታስተምሩት ወሰዳችሁት ብዬ ዱዓ ሳደርግላችሁ ነው የከረምኩት።»

በተከፈተው በር የሱን ጠረጴዛ አየሁት። ኮምፒውተሩ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ቻርጀሩ በሥርዓት ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ሥልጠና የሚሄድ ሰው ኮምፒውተሩን ትቶ አይሄድም። እትዬም ያንኑ ነበር የሚያዩት።

እናትየው ወደ እኔ ዞሩ። «ይጽፋል? ደህና ነው?»

«ዛሬም ጽፏል፣ እማማ» አልኩ። እውነት ነበር፤ ከአፌ እንደወጣ ግን አፈርኩበት።

እትዬ መሬቱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። «እማማ፣ እኛ የትም አልላክነውም። የሚጽፈውም ከመሄዱ በፊት አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ነው። እንዳንፈልገው።»

የእናትየው እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ።  «ከዚህ ቀበሌ የሄደ ሁሉ ሥልጠና ነው ብሎ ነው የሄደው» አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «እኔ ግን የእኔ ልጅ ይለያል ብዬ አመንኩ።» ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። «ያስቀመጠውስ ሲያልቅ?»

እትዬ ከፊታቸው ካለው ሽንኩርት አንዱን አንስተው አብረው መልቀም ጀመሩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እትዬ ብቻቸውን መድረክ ላይ ወጡ። «በየቦታው ሳሳያችሁ የነበረው ሰው ዛሬ የለም» አሉ። «ሥራው ሲቆምበት ሊነግረኝ አልቻለም፤ ምክንያቱም ምሳሌ አድርጌው ነበር። ምሳሌ የሆነ ሰው ችግሬ ይኸ ነው ማለት አይችልም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከቤት የሚሠራ ሥራም እንደማንኛውም ሥራ ሊቆም ይችላል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ቆይቻለሁ።» ፊት የተቀመጠው የወረዳ ሰው ለጎረቤቱ «ይሄ እዚህ የሚነሣ ነበር?» ሲል ሰማሁት።

ጥያቄ ያለው ሲባል ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ስለ ማኅበሩ ሊጠይቅ መስሎኝ ብዕሬን አዘጋጀሁ።

«በየት በኩል ነው የሄደው?» አለ።

ማንም አልሳቀም። ብዙዎቹ መልሱን ለመስማት አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር። እኔም ጥያቄውን ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም፤ ሳልጽፍ የቀረሁት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አስቀድሞ ማስቀመጥ ተከለከለ። አሁን እያንዳንዱ ሰው ከ«አለሁ» ጋር የዚያን ጠዋት አንድ ነገር ይጽፋል። «መብራት የለም፣ አለሁ።» «የጎረቤት ዶሮ ኪቦርዴ ላይ ወጣች፣ አለሁ።» በመካከላቸው፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሱ ባዶ «አለሁ» ይመጣል። 

እኔ በየቀኑ ለእናቱ እደውል ነበር። የሳቸው ስልክ ኢንተርኔት የለውም። አስቀድሞ የተጻፈ መሆኑን ያውቃሉ። «ይሁን፤ በእጁ የጻፈው አይደል? አንብቢልኝ» ይላሉ። አንዲቱን ቃል አነብላቸዋለሁ። «አሚን» ብለው ይዘጋሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእኔ እጅ እንደተጻፉ አልነገርኳቸውም።

ሠላሳኛው መጣ። በማግስቱ ወልድያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ያዝኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሁሉም ጻፈ፤ ቀልደኛው እንኳ ያን ቀን ያለ ቀልድ «አለሁ» አለ። አራት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ።

«አንድ ጎድሏል» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ደንቡ ደንብ ነው። ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ ልሂድ» አልኩ።

በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩ፤ ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። ባዶ መሆኑን ወደማውቀው ቤት ነበር የምሄደው። እናትየው ደጃፉ ላይ ነበሩ። ስልኩ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል።

«አልጻፈም፣ እማማ» አልኩ ሰላምታ ሳልሰጥ።

«አውቄያለሁ። ሳትደውዪ ስትቀሪ አወቅሁ።» ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። «ያልጻፈ ሰው ቤት ይኬዳል ብላኛለች እትዬ። እስኪጽፍ ድረስ።»

«አዎ።»

መዝገቡን ቦርሳዬ ውስጥ አዩት። «እስቲ አውጪው» አሉ። «ነገ ተራው የማን ነው?»

መዝገቡን ከፈትኩና ከስሙ ትይዩ ካለው ባዶ ሳጥን ቀጥሎ፣ የነገውን ተረኛ መጻፍ ጀመርኩ።